የንግሥቲ ግራ እግር

ንግሥቲ መንግሥቴ በፎገራ ሜዳ የምትታወቀው በእግሯ ነበር። ወረታ ገበያ ውላ ስትመለስ፣ ከእሷ ቀድመው የተነሡት ሴቶች ገና መንገድ ላይ ይሆናሉ። ስታልፋቸው፣ «ምነው፣ ቤትሽ እሳት ተነሣ?» ይሏታል። እሷም ዞር ሳትል፣ «እናንተ ወሬውን ጨርሳችሁ ድረሱ፤ እኔ እሳቱን አጥፍቼ እጠብቃችኋለሁ» ትላቸዋለች። የርብን ወንዝ በየትኛው ወር በየትኛው ማለፊያ እንደሚሻገሩት ታውቃለች። ጥቁሩ አፈር ሲርስ የቱ ጋ እግር እንደሚይዝና የቱ ጋ እንደሚለቅ ታውቃለች። ከብት የሚሰምጥበትን ረግረግ እሷ ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ ትሻገረዋለች።

ተወልዳ ያደገችው ሐሙሲት አጠገብ ነው። ልጅነቷ ሳያልቅ፣ ከዜማ ትምህርት ቤት ገና ለወጣው ለአዛናው ተዳረች። ባሏ ኋላ መሪጌታ ሆኑና ከወረታ በታች፣ ሜዳው መካከል ባለች የሚካኤል ደብር ዜማ ያስተምሩ ጀመር። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ሲሏቸው ሰምታ እሷም «የኔታ» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

መሪጌታ የዕለቱን ዳዊት ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም። ዳዊቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ነው። ለቅሶ ወይም ሽምግልና ወጥተው የአንዱ ቀን ከቀረባቸው በማግሥቱ ሁለቱን ደርበው ይደግማሉ። «የጎደለ አልወድም» ይላሉ። ንግሥቲ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ዓመት ከዓመት ስለ ሰማችው የየቀኑ ዳዊት በምን እንደሚጀምር በድምፁ ትለያለች።

ስድስት ወልዳ አራቱ ተርፈውላታል። የመጨረሻዋን፣ ደብረወርቅን፣ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጥር ወር ስትወልድ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አለ። ደሟ ከመደቡ አልፎ መሬት ላይ ወረደ። በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ አደረሷት። እዚያ አቶ ስማቸው የሚባል፣ ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ ገበያው ዳር ትንሽ መድኃኒት ቤት የከፈተ ድሬሰር ነበር። እሱ መርፌ ወግቶና የቀረውን አውጥቶ ደሟን አቆመላት። ሲያሰናብታት ሌላ ከደገምሽ አትተርፊም አላት። ይህን ለባሏም መንገር ነበረበት። ግን ለቤተ ክህነት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት አፈረና ለእሷ ብቻ ነገራት። እሷም አንድ ቀን ነገሩን ወደ መሪጌታ ጠጋ አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ ያወጣሽ አምላክ ለሌላውም ጊዜ አለ አሏት። ሊያጽናኗት ብለው ነው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አላነሣችባቸውም።

መንገዱን ያሳየቻት ወረታ ላይ ጠላ የምትሸጠው ይታይሽ ናት። ንግሥቲ አንድ የገበያ ቀን ከጥላዋ ሥር አረፍ ብላ ሳለ፣ የይታይሽ ሆድ ስንት ዓመት ሳይገፋ መቆየቱን አይታ፣ መክና እንደሆነ ጠየቀቻት።

«መካን ብሆን እነዚያ አምስቱ የጎረቤት ናቸው?» አለች ይታይሽ። «ስማቸው ጋ ሂጂ። ክኒን ነው፤ ከምስር አይበልጥም።»

«ኃጢአት አይደል?»

«አንቺ ሞተሽ አራት ልጅ ሜዳ ላይ መበተኑስ ጽድቅ ነው?»

ስማቸው ክኒኑን ጎንደር ካሉ ወዳጆቹ ያስመጣ ነበር። በየቀኑ አንድ እንድትውጥ፣ እሽጉ ሲያልቅ ጥቂት ቀን አርፋ ሌላውን እንድትጀምር ነገራት። ከዚያም ከበሩ ጠራት። «እግርሽ ካበጠ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ራስሽን ክፉኛ ካመመሽ አቁሚውና ቶሎ ነይ» አላት። ስለ ጾም አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ለእሱ «በየቀኑ» ማለት በየቀኑ ነው። ለእሷ ደግሞ ጾም የቀኖች ሁሉ አጥር ነው። ሁለቱም የታወቀ ነገር መስሏቸው ዝም ተባባሉ።

ክኒኑን የኮሶ ዱቄት በምታስቀምጥበት ቅል ውስጥ ከተተችው። ኮሶ ያለበትን ቅል ካልቸገረው በቀር ማንም አይከፍትም።

ረቡዕና ዓርብ ሳትውጥ ትውላለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዋጥ ትችል ነበር። ነገር ግን ባልና ሚስት ተለያይተው በሚያድሩበት ቀን ልጅ የሚከለክል መድኃኒት መዋጥ በጾሙ መቀለድ መሰላት። ታዲያ ሐሙስና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ትውጣለች፤ የቀረው ይሞላ ብላ። በሑዳዴ፣ በሰኔ ጾም፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾም ጨርሳ ትተወዋለች። ጾሙ ሲፈታ እንደገና ትጀምርና የተጓደለው እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሁለት ትወስዳለች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። ከቤቷ ያየችው ሥርዓት ነው። የኔታ የጎደለውን በመደረብ ይሞሉት የለ?

የዚያ ዘመን ክኒን ከአሁኑ እጅግ የበረታ ነበር። ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ አደጋውም የሚብሰው ሲጀመር፣ ደግሞም ለብዙ ሳምንት ተቋርጦ እንደ አዲስ ሲጀመር ነው። ይህን ዛሬ መናገር ቀላል ነው። ንግሥቲ በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትጀምር ነበር፤ ስትጀምርም ደርባ።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. የሰኔ ጾም ሐምሌ አምስት ቀን ተፈታ። ንግሥቲ ቅሉን ከፍታ እንደ ልማዷ ጀመረች። ወሩ ሳይጋመስ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ። ከብቱን ወንዶቹ ቀድመው ወደ ደጋው ነድተውት ነበር። ውኃው ጓሮውን አልፎ ወለሉን ሲያርስ፣ እሷና ልጆቹ አማቷን እማሆይ አመተ ሥላሴን ይዘው ቆጥ ላይ ወጡ። ቆጥ ላይ መቆም አይቻልም፤ ጣሪያው ራስ ይነካል። ያቺ ሜዳውን ስታካልል የኖረች ሴት ደብረወርቅን ታቅፋ፣ እግሯን አጥፋ፣ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ ሰነበተች።

ውኃው ሲጎድል ወርዳ ስትቆም ግራ ባቷ ውስጥ እንደ ቁርጠት ያለ ነገር ያዛት። በማግሥቱ እግሯ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ቆዳው ተወጥሮ አብለጨለጨ፤ ሲነካ ይፋጃል። ቀኝ እግሯ ግን እንደ ወትሮው ነበር።

የስማቸው ቃል ወዲያው ትዝ አላት። እግርሽ ካበጠ ነይ ብሏታል። ግን ወረታ ለመሄድ ታንኳ ማስመጣት አለባት፤ ታንኳ ለማስመጣት ምክንያት መስጠት አለባት፤ ምክንያቷ ደግሞ ከቅሉ ውስጥ ነው። መሪጌታ ቢሰሙ ይፈቱኛል ብላ ፈራች። ፈትተው ባይሰዷት እንኳ በሆዳቸው ይይዙብኛል፣ ከቁርባንም እለያለሁ ብላ ፈራች። ክኒኑን መዋጡን አቆመች፤ በዚያ ይበቃ ይሆናል አለች። እማሆይ ይህ የመቀመጥ ነገር ነው፣ ጅማቷ ዞሮ ነው ብለው ወጌሻ እንዲጠራ አዘዙ።

ወጌሻው አያ ደሳለው ከማዶ መንደር በታንኳ መጣ። አጥንት በመጠገን የተመሰገነ፣ እጀ መልካም ሰው ነው። እግሯን አይቶ፣ «ሜዳውን ስትረግጪው ኖረሽ፣ ዘንድሮ እሱ ረገጠሽ» አለና ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ ሥራውን ሳይጀምር እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም።»

«እንጨት፣ ከብት፣ የመታሽ ነገር?»

«የለም።»

«እንግዲህ እግር በከንቱ አያብጥም። እኔ የማላውቀው ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ፤ እጄ ዕውር ነው።»

ንግሥቲ ወደ በሩ ተመለከተች። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ጭንቀት እንጂ ሌላ አልነበረም።

«ምንም የለም» አለች።

ደሳለው ቅቤ አቅልጦ፣ እጁን አሙቆ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይ እየገፋ አሸ። የቆመውን ደም ወደ መንገዱ እመልሰዋለሁ ብሎ ነው። የሚያውቀውን ሥራ በደንብ ሠራ። ንግሥቲ ቀሚሷን ነክሳ ቻለችው። ሲጨርስ ቀለል ያለላት መሰላትና አመሰገነችው።

በማግሥቱ ጧት፣ ቋጠሮ ልታነሣ ጎንበስ ስትል ቀኝ ጎኗን ወጋት። ትንፋሿ አጠረ። መደብ ላይ ቁጭ አለች፤ አየሩ አልበቃ አላት። ስታስል በነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየች። መሪጌታ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዳዊት ላይ ሳሉ ጠርታቸው አታውቅም።

«የኔታ፣ ያቁሙት።»

ቀና አሉ።

«ክኒን እውጥ ነበር፤ ልጅ እንዳይመጣ። እግርሽ ካበጠ ቶሎ ነይ ተብዬ ነበር። አንቱን ፈርቼ ዝም አልሁ።»

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መሪጌታ የደረሱበትን ቦታ በጣታቸው ያዙ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደብረወርቅ ወዲህ። ሌላ ከወለድሽ ትሞቻለሽ ብሎኝ ነው።»

መሪጌታ ዳዊቱን ዘግተው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። «ሌላውን ኋላ እንነጋገራለን» አሉ። «አሁን የሚያስፈልገን ታንኳ ነው።»

የደንገሉ ታንኳ ውኃው እስካለበት አደረሳት። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው፤ በቃሬዛ ተሸከሟት። የፊቱን ጫፍ መሪጌታ ራሳቸው ያዙ። በኋላው በኩል ደሳለው ወጌሻው ነበር፤ ነገሩን ሰምቶ ሳይጠራ መጣ፤ መንገዱን ሙሉ ቃል አልወጣውም። ጎረቤታቸው ጎበዜ ዝምታው ሲከብደው፣ የኔታ ጽናጽል እንጂ ቃሬዛ የያዙ አይመስሉም፣ እርምጃችንን አበላሹብን አለ። መሪጌታ እሱም አፉን ትቶ እንጨቱን እንዲይዝ ነገሩት። ንግሥቲ ልትስቅ ቃጣት፤ ሳቁ ደረቷን ወጋትና ተወችው።

ስማቸው እግሯን ገልጦ ቅቤውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «አሽታችሁታል?» አለ።

«አዎን፣ ደህና አድርጌ» አለ ደሳለው።

ስማቸው መድኃኒት ቤቱን ዘጋና፣ ከባሕር ዳር የመጣ ጭነት መኪና አስቁሞ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ለእሷ ቦታ ለመነላት። እሱና መሪጌታ ጭነቱ ላይ ወጥተው ዝናብ እየወረደባቸው አብረዋት ጎንደር ድረስ ሄዱ። ስለ ክኒኑም ለመሪጌታ የነገራቸው እዚያ ጭነት ላይ ነው። ቀድሞ ሊነግራቸው ይገባ እንደነበር ሳያስተባብል ተናገረ።

ጎንደር ሐኪም ቤት ደም የሚያቀጥን መርፌ ይወጓት ጀመር። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንዲት ነርስ ትተረጉምለታለች። በእግሯ ደም ሥር ውስጥ ደሙ እንደ እርጎ ረግቶ ነበር፤ ከእሱ ቁራጭ ተነሥቶ ሳንባዋ ላይ ተሰክቷል አላት። የረጋ ደም ያለበት እግር አይታሽም፤ ሲታሽ ቁራጩ ሊነቀል ይችላል አለ። ከዚያም ክኒኑን እንዴት እንደምትወስድ ጠየቃት። እሷም ምንም ሳትደብቅ ረቡዕንና ዓርብን፣ ሑዳዴንና የሰኔን ጾም፣ ሁለት ሁለት መዋጧን ተናገረች። ነርሷ መተርጎሟን አቆመች።

«ማን ነው ደርቢ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝ። የኔታ የቀረባቸውን ዳዊት በማግሥቱ ይደርቡት የለ? እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

መሪጌታ ከእግርጌዋ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሐኪሙ ክኒኑ ብቻውን ነው ያደረገው ብሎ አልማለም። ቆጥ ላይ ያን ያህል ቀን መቀመጧም፣ ብዙ መውለዷም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል አለ። ክኒኑ ደም እንደሚያረጋ የተጻፈው ገና በቅርቡ ነው፤ ከሚወስዱት ሴቶች ብዙዎቹ አንዳች አይሆኑም፤ እሷ ግን ዳግመኛ እንዳትነካው አስጠነቀቃት። መውለድም የለብሽም አላት። ሌላ ዘዴ አለ፤ ለእሱ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል አለ። አራት ልጅና ከብት ጥላ፣ በዚያ እግር፣ አዲስ አበባ ማለት ለእሷ ኢየሩሳሌም ማለት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የግራ እግሯ እብጠት ጨርሶ አልጎደለም፤ ሲመሽ ይከብዳል፤ ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያም ቆዳው ጠቆረ። በጨርቅ ጠቅልላ ታስረዋለች። ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ እያለፏት ይሄዳሉ። እሳት ተነሣ ወይ የሚላት ጠፋ፤ እንዲያውም አጠገቧ ሲደርሱ ሆን ብለው እርምጃቸውን ይቀንሱላታል። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ቆረቆራት።

ደሳለው ወጌሻነቱን አልተወም። ነገር ግን ያበጠ የሴት እግር ሲያመጡለት ሰውን ሁሉ ያስወጣና ክኒን ትውጪ እንደሆነ ይጠይቃል። ይታይሽ ወጌሻው ነፍስ አባት ሆነ እያለች ሳቀችበት። እሷ ራሷ ክኒኑን መዋጧን ቀጠለች፤ ምንም አልሆነችም። እማሆይ አመተ ሥላሴ ደግሞ ምራታቸው ከተመለሰች ጀምሮ ካስፈለጋቸው ነገር በቀር አያናግሯትም ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን አቆሙና፣ «ዘጠኝ ወልጄ አምስቱን ቀብሬአለሁ» አሏት። «ያን ጊዜ ኖሮ ቢሆን እኔም እውጠው ነበር። ይህን ግን ለማንም እንዳትናገሪ።» ከዚያ ፈትሉን ቀጠሉ።

ንግሥቲን ያስጨነቃት የመሪጌታ ዝምታ ነው። ኋላ እንነጋገራለን ያሉት ኋላ አልመጣም። እግሯን እንዳይገጩባት ብለው መኝታቸውን ለዩ። የነቢያት ጾም ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ቆይቶ ሑዳዴ ገባ። በጾም ከሆነ መለያየቱ የሁሉ ሰው ነው። ግን ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የነፍስ አባታቸውም ባልና ሚስት ከጾም በቀር ያለ ስምምነት መለያየት እንደማይገባቸው ነግረዋቸው ነበር። በየዓመቱ ፋሲካን ስትናፍቅ የኖረች ሴት ዘንድሮ ቀኑን ፈራችው። ወደ እሷ ቢመለሱ መሞቷ ነው፤ ባይመለሱ ደግሞ ጠሏት ማለት ነው።

በሑዳዴ አጋማሽ መሪጌታ ከቤቱ ጓሮ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ ማቆም ጀመሩ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም።

የፋሲካ ዕለት ሰው ሁሉ ፈስኮ፣ ልጆቹ በልተው ወደ ሜዳው ከወጡ በኋላ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«የኔታ፣ ተቆጥተውኝ ነው?» አለቻቸው።

«ተቆጥቼ ነበር። ጎንደር ላይ ለቀቀኝ።»

«እንግዲያ ጎጆዋ ምንድን ናት?»

«ፈራሁ» አሉ መሪጌታ። «ለሌላው ዛሬ ፋሲካ ነው። ለእኔና ለአንቺ ግን ሑዳዴው ይቀጥል። አንቺም ከተስማማሽ ለነፍስ አባታችን አብረን እንነግራቸዋለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክታረጂ ድረስ።»

«ያን ጊዜማ አንቱም ያረጃሉ።»

«አብረን ነዋ።»

ንግሥቲ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነባትና በነጠላዋ ሸፈነችው። መሪጌታ ተነሥተው የተጠቀለለ አጎዛቸውንና ጋቢያቸውን ይዘው ወደ ጎጆዋ ወጡ። መትረፏን ያን ጊዜ አወቀች። ምን እንደከፈለችበትም ያን ጊዜ አወቀች።

የፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ፣ ቤቱ እንግዳ ሲገባበትና ሲወጣበት ዋለና መሪጌታ ዳዊታቸውን ሳያነሡ ቀሩ። ማክሰኞ ጧት ንግሥቲ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ጨርቁን ስትጠቀልል ድምፃቸው ከጎጆዋ ተሰማ። እጇን አቁማ የሰኞውን አጀማመር ጠበቀች። እሳቸው የማክሰኞውን ጀመሩ። እስከ መጨረሻው አደረሱትና ዝም አሉ።

ጥቂት ቆየች፤ የሰኞው አልተደረበም። ጨርቁን አጥብቃ ቋጠረችና፣ በቀኝ እግሯ ቀድማ፣ ላሞቹን ልታልብ ወጣች።